የአሮጌ የብረት ብስክሌት ፍሬም የት፣ በማንና መቼ እንደተሠራ የማወቂያ መንገድ

አሮጌ የብረት ፍሬም እጁ የገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙንና ስቲከሩን ነው፤ ሁለቱም ግን በቀላሉ የሚቀየሩ በመሆናቸው ቃላቸው መሰማት ያለበት መጨረሻ ላይ ነው። ተራ ፍሬም ላይ የታዋቂ ፋብሪካ ስም መለጠፍ የአንድ ከሰዓት ሥራ ሲሆን፣ የብሎን ጥርሱንና የቱቦውን ልክ ለመለወጥ ግን የሚደክም ሰው እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ምርመራው ከብረቱ ይጀምር፤ እስኪያልቅም ድረስ ቀለሙን አይፋቁ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ በላይ የሚናገረው ክፍል የፔዳሎቹ ዘንግ የሚያልፍበት አግድም ቱቦ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ወርዱን በካሊፐር (በሚሊ ሜትር በሚለካ መቆንጠጫ) ይለኩ። 70 ሚሊ ሜትር ከሆነ ፍሬሙ የጣሊያን ሥራ ወይም የጣሊያንን ልክ የተከተለ የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው፤ 68 ከሆነ ግን የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ ወይም የጃፓን ሊሆን ስለሚችል ወደ ብሎን ጥርሱ መሄድ ያስፈልጋል። ኩሽኔታውን የሚይዙት ክብ ክዳኖች ላይ ልኩ ብዙ ጊዜ ተቀርጾ ይገኛል፦ 1.37 × 24 የእንግሊዝ፣ 36 × 24 የጣሊያን፣ 35 × 1 ደግሞ የፈረንሳይ ነው። ጽሑፉ ከጠፋ በማርሽ በኩል ያለው የቀኝ ክዳን የሚፈታበትን አቅጣጫ ያስተውሉ፤ የእንግሊዙ ከተለመደው በተቃራኒ፣ የጣሊያኑና የፈረንሳዩ ግን እንደማንኛውም ብሎን ይፈታሉ። የጃፓን ፋብሪካዎችም በአብዛኛው የእንግሊዙን ልክ ስለተከተሉ ይህ ጥርስ ብቻውን አገሩን አይወስንም። አንድ የሚያሳስት ነገርም አለ፤ ጥርሱ ያለቀ የእንግሊዝ ወይም የፈረንሳይ ፍሬም ሲጠገን በሰፊው የጣሊያን ልክ እንደገና ይቆረጥ ስለነበር፣ ወርዱ 68 ሆኖ ጥርሱ ጣሊያናዊ የሆነ ፍሬም ሲገኝ ጥገና የተደረገለት ነው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ፍሬሙን ከገለበጡ አይቀር የዚያኑ ቱቦ ሆድ በላምባ በራሰ ጨርቅና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያጽዱት፤ ተከታታይ ቁጥሩ በአብዛኛው የሚመታው እዚያ ነው። ቀለም የሞላው ቁጥር በቀጥታ ብርሃን አይነበብም። የእጅ ባትሪውን ከጎን አስጠግተው ሲያበሩ የቁጥሩ ጠርዝ ጥላ ይጥላል፤ ያም ካልበቃ ስስ ወረቀት አስደግፈው በእርሳስ ቢያሹት ቅርጹ ይወጣል። ከታች ካልተገኘ የኋላው ጎማ አክስል የሚቀመጥበትን ጠፍጣፋ ብረት፣ የኮርቻውን ቱቦ ጫፍና የመሪውን ቱቦ ይመልከቱ። በሁሉም ፋብሪካዎች ላይ የሚሠራ አንድ የቁጥር መፍቻ እንደሌለ ግን መታወቅ አለበት፤ ቁጥሩ የሚጠቅመው ሠሪው ከታወቀ በኋላ ነው።

ዕድሜውን ለመገመት የኋላውን ጎማ በሚይዙት ሁለት የፍሬም እግሮች መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ። በውድድር ዓይነት ብስክሌቶች ላይ 120 ሚሊ ሜትር የኋላው ማርሽ አምስት ደረጃ የነበረበትን ዘመን፣ ማለትም በአመዛኙ እስከ 1970ዎቹ ያለውን ያመለክታል፤ 126 ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ፣ 130 ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። ክፍተቱ በጉልበት ሊሰፋ ስለሚችል በፍሬሙ ላይ በተበየዱት ትናንሽ ነገሮች ያመሳክሩት። የፍሬን ገመዱ በላይኛው ቱቦ ላይ በቀለበት ታስሮ የሚያልፍ፣ የውሃ ጠርሙስ መያዣ ቀዳዳም የሌለው ፍሬም ከ1970ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠራ መሆኑ ይገመታል፤ ገመድ መያዣው ተበይዶ፣ ሁለት ጠርሙስ የሚይዙ ቀዳዳዎች ኖረውትና የማርሽ ገመዱ በፔዳሉ ቱቦ ሥር የሚያልፍ ከሆነ ግን የ1980ዎቹ ጠባይ ነው።

የቱቦውን ጥራት የኮርቻው ዘንግ ይነግርዎታል፤ 27.2 ሚሊ ሜትር የሚቀበል ፍሬም ብዙ ጊዜ ከስስና ጥሩ ቱቦ የተሠራ ነው፤ ከ26 በታች የሆነው ግን በአብዛኛው ወፍራምና ተራ ነው። የበርሚንግሃሙ ሬይኖልድስ 531 ቱቦ የወጣው በ1935 ስለሆነ፣ ይህን ስቲከር የለጠፈ ፍሬም «የ1920ዎቹ ነው» ቢባል አይመኑ። ቱቦው የሚላኑ ኮሎምቡስ ኤስ ኤል ኤክስ ከሆነ ደግሞ ስቲከር አያስፈልግም፤ የፔዳሉን ዘንግ አውጥተው ወደ ቱቦዎቹ ጫፍ ውስጥ ባትሪ ቢያበሩ ጠመዝማዛ ጉብታዎቹ ይታያሉ።

በመጨረሻ ዕቃዎቹን ያንብቡ። የጃፓኑ ዕቃ ሠሪ ሽማኖ በዕቃዎቹ ላይ ሁለት የላቲን ፊደላት ይመታ ነበር፤ የመጀመሪያው ዓመቱን ከ1976 ጀምሮ በፊደል ተራ፣ ሁለተኛው ወሩን ያሳያል፤ ስለዚህ «ጂ ሲ» (GC) ማርች 1982 ነው። በጣሊያኑ ካምፓኞሎ ኑዎቮ ሬኮርድ ማርሽ መቀየሪያ ላይ «ፓት» (PAT) ከሚለው ቀጥሎ ያለው ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥር ዓመቱን፣ በእንግሊዙ ስተርሚ አርቸር ሞዞ (የጎማው መሃል እምብርት) ላይ የተመቱት ቁጥሮች ደግሞ ዓመቱንና ወሩን ይነግራሉ። ዕቃ ግን ይለወጣል። የአንድ ሞዞ ቀን ብቻውን ስለ ፍሬሙ ምንም አያረጋግጥም፤ ሞዞው፣ ፔዳል ክንዱና ማርሽ መቀየሪያው በአንድ ዓመት ልዩነት ውስጥ ከተስማሙ ግን ብስክሌቱ ከፋብሪካ እንደወጣ የቆየ ነው ለማለት ያስደፍራል። ከተጋጩ የብረቱን ልክ ያስቀድሙ፤ አንድ ዓመት ቆርጦ ከመጻፍም «ከ1978 እስከ 1984፣ ጣሊያን፣ ሠሪው ያልተለየ» ብሎ መመዝገብ ለሚገዛውም ለሚጠግነውም ይሻላል።