የጋሼን ቤት ያስገኘች ወረቀት

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ያሉት ጎረቤቴ የቬትናም ዘማች ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ትርጉሙን ካወቁ ወዲህ እንደዚያ ካልተጠሩ ያኮርፋሉ። ባለፈው ዓመት በ30 ቀን ቤት ልቀቁ የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው። ልጅ የላቸውም፤ ጉልበታቸውም ደረጃ አይወጣም።

የኔ ስህተት መጀመሪያ ዕቃ አጓጓዥ ፍለጋ መሮጤ ነው። የተጠራልኝ ዋጋ የጡረታቸውን ግማሽ ይውጣል። ከዚያ አንድ ቢሮ ሄድን። ሦስት ሰዓት ጎልተውን በሌላ ቀን ኑ አሉን።

ነገሩ የተቃናው 877-424-3838 ስደውል ነው። የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት መስመር ነው፤ ሌሊትም ይሠራል። ቤት ለሌላቸው ነው ቢባልም ሊያጡ ለተቃረቡትም ያገለግላል። ከዚያ ኤስኤስቪኤፍ የሚባለውን ፕሮግራም ወደሚያስፈጽም የአካባቢ ድርጅት መሩን። ገቢያቸው በጣም ዝቅተኛ ለሆነ ዘማቾች ዲፖዚትና የዕቃ ማጓጓዣ ሊከፍል ይችላል። ብሩ በእጅ አይሰጥም፤ በቀጥታ ለአከራዩና ለአጓጓዡ ነው።

ቀድመው የጠየቁን ዲዲ-214ን ነው፣ ጋሼ ከውትድርና የተሰናበቱበትን ወረቀት። ጋሼ "ጠፍቷል" ብለው ደረቁ። እኔ ግን የጫማ ካርቶን ውስጥ፣ ከአሮጌ ካልሲዎች ሥር አገኘሁት። አራት ቦታ ታጥፎ፣ እጥፋቱ ጋ ሊቀደድ ምንም አልቀረውም። እውነትም ጠፍቶ ቢሆን ሴንት ሉዊስ ካለው የብሔራዊ መዛግብት ማዕከል በነጻ ይጠየቃል፤ ግን የ30 ቀን ሰው ምን ጊዜ አለው? የዚያኑ ቀን አምስት ኮፒ አስነሳሁ።

አዲሱ ቤት ደረጃ የለውም። ያንን የተቦጫጨቀ ሶፋ እንጣለው ብዬ ተከራክሬ ግን ተሸነፍኩ።