የሞተር ሳይክል ሾክ ችግርና መፍትሄ፦ ሞላው ነው፣ ዘይቱ ነው ወይስ ሌላ?

ሞተሩ ሲነጥር ወይም እጅ ሲያደነዝዝ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ሾክ ማስቀየርን ነው። ጥፋቱ ግን የዘይት፣ የኩሽኔታ ወይም የጎማ ንፋስ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ አዲስ ሾክ ተገዝቶም ችግሩ እዚያው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መለየት ያለበት፣ የደከመው ክብደቱን የሚሸከመው ሞላ ነው ወይስ የሞላውን መዝለል የሚገታው ዘይት የሚለው ነው። የሁለቱ ሥራ የተለያየ ስለሆነ የአንዱን ጉድለት በሌላው መሸፈን አይቻልም። እዚህ የምንናገረው እንደ ቦክሰር ስላሉ ከ100 እስከ 150 ሲሲ ስለሆኑ፣ ከኋላ ሁለት ሾክ ስላላቸው ሞተሮች ነው።

መጀመሪያ ጎማው

ጎማው ሳይሞቅ ንፋሱን ለኩ። ለዚህ ዓይነት ሞተር ለብቻ ሲነዳ ከፊት 25፣ ከኋላ 28 ፒኤስአይ አካባቢ የተለመደ ልክ ነው፤ ሰው ወይም ጭነት ካለ የኋላው ወደ 32 ከፍ ይላል። የራሳችሁ ሞተር መመሪያ ሌላ ቁጥር ከሰጠ እሱን ያዙ። ጎሚስታው 40 ሞልቶ ከለቀቃችሁ ኮብልስቶን ላይ የትኛውም ሾክ አያድናችሁም።

ልኬት፦ ሳግ

ሳግ ማለት ሞተሩ በተሸከመው ክብደት ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ነው። ሳይለኩ ማስተካከል ግምት ብቻ ስለሆነ ይህን ክፍል አትዝለሉት።

ለኋላ፦ ሞተሩን በመሃል ማቆሚያው አቁማችሁ ጎማው ከመሬት ሲነሳ፣ ከፔርኖው (ጎማው ከሚዞርበት ብረት) መሃል ቀጥታ ወደ ላይ ወንበሩ ሥር እስካለ ምልክት ድረስ በሚሊሜትር ለኩ። 520 መጣ እንበል። ከዚያ ማቆሚያውን አንስታችሁ፣ ሄልሜትና ጃኬት ለብሳችሁ፣ እግራችሁን መርገጫው ላይ አድርጋችሁ ተቀመጡ። አንድ ሰው ሞተሩን ይደግፍ፣ ሌላው ያንኑ ቦታ ይለካ። 488 ካለ ሳጉ 32 ነው። ለፊት ደግሞ የፕላስቲክ ማሰሪያ በሚያብረቀርቀው ዘንግ ላይ እሰሩና ወደ ታች ገፍታችሁ የአቧራ ጎሚኒው ላይ አስጠጉት። ቀስ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ቀስ ብላችሁ ውረዱ፣ የፊት ጎማውን ከመሬት አንሱ፤ በማሰሪያውና በጎሚኒው መካከል የተፈጠረው ርቀት ሳጉ ነው።

ከፊት ከ30 እስከ 40፣ ከኋላ ከ25 እስከ 35 ሚሊሜትር ጥሩ ነው። ሁልጊዜ ሰው የምታፈናጥጡ ከሆነ ከነተፈናጣጩ ለኩ።

ብዙዎች የሚረሱት ሁለተኛ ልኬት አለ፦ ሰው ሳይቀመጥበት፣ ሞተሩ በራሱ ክብደት ብቻ ከኋላ ስንት ይወርዳል? ከ5 እስከ 15 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ሰው ተቀምጦበት ሳጉ ልክ ሆኖ ባዶውን ግን ምንም የማይወርድ ከሆነ፣ ሞላው ለክብደታችሁ በጣም ለስላሳ ነው፤ ልክ የመሰለው በብዙ ስለተጠበቀ ብቻ ነው። በተቃራኒው ባዶውን ብዙ ከወረደና ሰው ሲቀመጥበት ልክ ከመጣ ሞላው ደንዳና ነው። ማጥበቂያው (የኋላ ሾኩ ላይ ያለው ባለ ደረጃ ቀለበት) የሞላውን ጥንካሬ አይለውጥም፤ የሞተሩን ከፍታ ብቻ ይለውጣል። «አምስተኛው ደረጃ ላይ አድርጌው አሁንም ይመታል» የሚል ሰው የሚያስፈልገው ሌላ ሞላ ነው።

ከኋላ ይነጥራል፣ ከጉብታ በኋላ ቶሎ አይረጋም

ወንበሩን በሁለት እጅ አጥብቃችሁ ተጫኑና ልቀቁት። ጤነኛው አንዴ ተነስቶ ይቆማል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከዘለለ ሾኩ ውስጥ ያለው ዘይት ፈስሷል ወይም ቫልቩ አልቋል። ዘንጉ ዙሪያ ዘይት ያቆረው ጥቁር አቧራ ካያችሁ ማስረጃው እሱ ነው። ሞላውን ማጥበቅ እዚህ ላይ ያባብሰዋል፦ ወደ ላይ የሚወረውረው ጉልበት ይጨምራል፣ የሚገታው ግን የለም።

የእነዚህ ሞተሮች የኋላ ሾክ አብዛኛው ተፈትቶ እንዲጠገን አልተሠራም። በስቶ፣ ዘይት ሞልቶ መልሶ መበየድ አይመከርም፤ ጋዝ ያለበት ከሆነ አደገኛ ነው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ቀይሩ። አንዱ አሮጌ፣ አንዱ አዲስ ከሆነ ጭነቱ በአንድ ወገን ይወድቅና የኋላ ሹካው (የኋላ ጎማውን የያዘው ክንድ) ይጣመማል።

ፍሬን ሲያዝ ፊቱ ይዘፈቃል፣ ጉድጓድ ላይ «ቋ» ብሎ ይመታል

የፊት ሳጉን እዩ። ከ45 ካለፈ ሞላው ደክሟል ወይም አጥሯል። ሳጉ ልክ ሆኖ ከተዘፈቀ ዘይቱ ጎድሏል ወይም ቀጥኗል።

ለደከመ ሞላ ትክክለኛው መፍትሄ አዲስ ሞላ፣ በሁለቱም እግር (በግራውም በቀኙም የፊት ሾክ) ነው። እስኪገኝ ድረስ በሞላውና በላይኛው ቡሎን መካከል 10 ሚሊሜትር የሚሆን የብረት ስፔሰር ቶርኖ ቤት አስቆርጣችሁ ከሮንዴላ ጋር መጨመር ይቻላል። 20 አታሳልፉ። ምክንያቱን ሞላውን አውጥታችሁ ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ፦ በጥቅልሎቹ መካከል ያሉትን ክፍተቶች ለክታችሁ ደምሩ። ድምሩ፣ ሾኩ ከሚጓዘው (በዚህ ዓይነት ሞተር ብዙ ጊዜ ከ110 እስከ 130 ሚሊሜትር) እና ሞላው ሲገጠም ቀድሞ ከሚጨመቀው አንድ ላይ መብለጥ አለበት። ካልበለጠ ሾኩ ጉዞውን ሳይጨርስ ጥቅልሎቹ ይነካካሉና ምቱ በቀጥታ ወደ መሪው ይሄዳል።

ኮብልስቶንና ጠጠር ላይ ይደነድናል፣ እጅ ያማል

እዚህ ጥፋቱን የሚለየው አደናደኑ ነው።

ትንንሽ ሹል ነገር ላይ ደንድኖ ፍሬን ሲያዝ ግን ቀስ ብሎ በደንብ የሚወርድ ከሆነ ዘይቱ ወፍራም ነው። የፊት ሾክ ውስጥ 40 ቁጥር የሞተር ዘይት መሙላት የተለመደ ስህተት ነው። ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ ስለሚያልፍ፣ እንቅስቃሴው በፈጠነ ቁጥር ወፍራሙ ዘይት ይቆልፈዋል። በአብዛኛው የሚያስፈልገው 10 ቁጥር የሾክ ዘይት ነው፤ ከጠፋ ኤቲኤፍ፣ ማለትም የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፣ ቅርብ ውፍረት አለው። የፍሬን ዘይት በፍጹም አይገባም።

መጀመሪያ ለስላሳ ሆኖ መሃል ላይ ግድግዳ የገጠመው ያህል ከቆመ ዘይቱ በዝቷል። ከላይ የቀረው አየር ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይታመቃል።

ቆሞ ቀስ ብለው ሲጫኑትም ከተያዘና ተንሸራትቶ ካልተመለሰ ሁለቱ እግሮች ትይዩ አይደሉም። የፊት ጎማ ተፈትቶ ሲገጠም ይህ ብዙ ጊዜ ይከሰታል። የፔርኖውን ዳዶ አላሉ፣ ሞተሩን ከማቆሚያው አውርዳችሁ ፍሬን ይዛችሁ አምስት ስድስት ጊዜ ወደ ታች ተጫኑ፣ ከዚያ አጥብቁ። ካልተሻለው ዘንጉ ተጣሞ ሊሆን ስለሚችል አውጥታችሁ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አንከባሉት፤ ብርሃን ከሥሩ ከገባ ወጣ ካለ ጠማማ ነው።

ዘይት ሲቀየር አካሄዱ እንዲህ ነው። የፊት ጎማውን ከመሬት አንሱ። የላይኛውን ቡሎን የሚገፋው ሞላ ስለሆነ ጨርቅ አድርጋችሁበት፣ ፊታችሁን ዘወር አድርጋችሁ፣ እየተጫናችሁ ፍቱ። ከታች ማፍሰሻ ቡሎን ካለ በእሱ፣ ከሌለ እግሩን አውጥታችሁ ገልብጡ። ዘንጉን 10 ጊዜ ያህል ከፍ ዝቅ አድርጉት፤ የተደፋው ዘይት ግራጫና ብልጭልጭ ካለ ውስጡ ያለው ብረት እየተበላ ነው። መጠኑ ከመመሪያው ይወሰዳል። ከሞላችሁ በኋላ አየሩ እንዲወጣ ቀስ ብላችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉና 10 ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ሞላው ወጥቶ፣ እግሩ ሙሉ ለሙሉ ተጨምቆ፣ ከዘንጉ አፍ እስከ ዘይቱ ያለውን ርቀት በሁለቱም እግር እኩል አድርጉ። የጥቂት ሚሊሜትር ልዩነት እንኳ ጉዞው መጨረሻ ላይ ይሰማል።

ዘንጉ ላይ ዘይት ይወርዳል

ኦይል ሲል (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘውን ጎሚኒ) ከማስቀየራችሁ በፊት የአቧራ ጎሚኒውን ወደ ላይ አንስታችሁ አጽዱ። አንዲት አሸዋ ከሲሉ ከንፈር ሥር ገብታ ሊሆን ይችላል፤ ከውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ የተቆረጠ ቀጭን ቁራጭ አስገብታችሁ ዙሪያውን አዙሩና ጠራርጉ። ከቀጠለ ሲሉ ይቀየራል። መጠኑ ራሱ ላይ በሦስት ቁጥር ተጽፏል፦ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት፣ ውፍረት። ከታች ያለውን ባለ ስድስት ጎን ቡሎን ሞላው ሳይወጣ አላሉት፤ ሞላው ካልያዘው የውስጡ ክፍል አብሮ ይዞራል። አዲሱን ስታስገቡ የዘንጉን ጫፍ በፌስታል ጠቅልላችሁ ዘይት ቀቡ፣ ቀጭን ሞላ ያለበት የሲሉ ወገን ወደ ዘይቱ ይሁን። ዘንጉ ላይ ጥፍር የሚይዘው የዝገት ቀዳዳ ካለ ግን አዲሱም ሲል በቅርቡ ይቀደዳል። ዘይቱ የፍሬን ሸራ ከነካ ሸራውም ይቀየር።

ፍሬን ሲያዝ መሪው ላይ «ቅጭ» ይላል፣ ኩርባ ላይ ይወዛወዛል

ይህ የሾክ ጥፋት አይደለም። የፊት ጎማውን አንስታችሁ የሾኩን ታች ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉ፤ ከተንቀሳቀሰ የመሪው ኩሽኔታ ላልቷል። መሪውን ስታዞሩት መሃል ላይ ከተያዘ ኩሽኔታው ተጎድጉዷልና ማጥበቅ አይረዳም፣ ይቀየር። ከኋላ ደግሞ ጎማውን ይዛችሁ ወደ ግራና ቀኝ ግፉ፦ የኋላ ሹካው ቡሽ ካለቀ ይጫወታል።

የተሻለ ሾክ ለመግዛት ያሰበ ሰው

ጎን ላይ የተለጠፈ የጋዝ ቆርቆሮ ስለ ጥራቱ ምንም አይናገርም። ሱቅ ውስጥ ተጭናችሁ ሲመለስ እዩት፤ ተስፈንጥሮ የሚመለሰው አይገዛም። ርዝመቱን ከቀለበት መሃል እስከ ቀለበት መሃል ከአሮጌው ጋር አስተያዩ። 10 ሚሊሜትር የረዘመ ሾክ ሞተሩን ከኋላ ያነሳል፣ መሪውን ያፈጥናል፣ የጎን ማቆሚያውን ያሳጥራል፣ መብራቱንም ወደ መሬት ያወርዳል። ከተገጠመ በኋላ ካቴናውን እንደገና አስተካክሉ፤ አንድ ሰው እየተጫነ የኋላ ጎማው ከላይ እስከ ታች ሲንቀሳቀስ ካቴናው በየትኛውም ቦታ ተወጥሮ መቅረት የለበትም።