ቴሌስኮፕ ስትገዙ መጀመሪያ እግሩን እዩ

ጅማ ውስጥ ዲሽ እገጥማለሁ። ናይልሳት ወደ ምዕራብ፣ ኢትዮሳት ወደ ምሥራቅ፤ ለብዙ ዓመት ሰማይ ማለት ለእኔ እነዚህ ሁለት አቅጣጫዎች ብቻ ነበሩ። አንድ የጥር ማታ የደንበኛ ጣሪያ ላይ እያለሁ የሰፈሩ መብራት ድርግም አለ። ባለቤቶቹ ሻማ እስኪፈልጉ ቆርቆሮው ላይ ተንጋልዬ ጠበቅሁ። ሰማይ ያን ያህል ሙሉ መሆኑን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። በሳምንቱ ቴሌስኮፕ ፍለጋ ወጣሁ፤ ሳልጠይቅ ስለወጣሁም ተሸወድኩ።

ካርቶኑ ላይ ባለቀለበቷ ሳተርን አለች፣ ከሥሯ «525 ጊዜ ያጎላል» ይላል። ሒሳቡ ውሸት አይደለም። ማጉላት የሚሰላው የቱቦውን የትኩረት ርዝመት (ብርሃኑ አንድ ነጥብ ላይ እስኪሰበሰብ ያለውን ርቀት) ዓይን ለሚጠጋበት ሌንስ፣ ማለትም ለአይፒሱ፣ የትኩረት ርዝመት በማካፈል ነው። የእኔ ቱቦ 700 ሚሊ ሜትር፣ ትንሿ አይፒስ 4 ሚሊ ሜትር፤ ስናካፍል 175። ባርሎው የሚባል ሦስት እጥፍ የሚያደርግ ሌንስ ሲጨመርበት 525 ሞላ። ችግሩ የፊት ሌንሱ ስፋት 60 ሚሊ ሜትር ብቻ መሆኑ ነው። ቴሌስኮፕ የሚችለው ቢበዛ በሚሊ ሜትር ከተለካው ስፋቱ ሁለት እጥፍ ነው፤ የእኔው 120 ጊዜ ገደማ መሆኑ ነው። ከዚያ ካለፈ ምስሉ ይተልቃል እንጂ አዲስ ነገር አያሳይም፣ እየደበዘዘም ይሄዳል። በ90 ሳንቲ ሜትር ሳህን የሚገባው ደካማ ቻናል በ60 እንደማይገባ ለደንበኞቼ ስንቴ አስረድቻለሁ! ለራሴ ሲሆን ረሳሁት።

ከሁሉ የባሰው ግን እግሩ ነበር። እንደ ካሜራ መቆሚያ የቀጠነ፣ ሦስት የሚታጠፍ ዘንግ። ዓይኔን ባስጠጋሁ ቁጥር ጨረቃ ትዘላለች። የማስተካከያውን ቁልፍ ነካ ሳደርግማ ጭራሽ ትጠፋለች። የኛ ሥራ ግማሹ ምሰሶ ነው፤ ምሰሶው ካልጸና ሳህኑ ወርቅ ቢሆን ነፋስ በመጣ ቁጥር ስክሪኑ ይቆራረጣል። ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ ቱቦውን በጣታችሁ መታ አድርጉና መወዛወዙ እስኪያልቅ ቁጠሩ። ሦስት ቆጥራችሁ ካልረጋ ዋጋ እንኳ አትጠይቁ።

እንግዲህ ምን ይገዛ? ገንዘቡ ካልሞላ ደህና ባይኖክላር ግዙ፣ 7 በ50 ወይም 10 በ50 የሚል የተጻፈበትን፤ የፊተኛው ቁጥር ማጉላቱ፣ የኋለኛው የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ክርናችሁን አጥር ላይ አስደግፋችሁ የጨረቃን ጉድጓዶችና የጁፒተርን ጨረቃዎች ታዩበታላችሁ። ከሞላ ደግሞ ስፋቱ 130 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በፊት ሌንስ ፈንታ በመስታወት የሚሠራ፣ ዶብሶኒያን የሚባለውን ዓይነት ፈልጉ። እኔ ሁለተኛ የገዛሁት ስካይዎቸር ሄሪቴጅ 130ፒ የሚባለውን ነው፤ ቱቦው ስለሚታጠፍ ዘመድ ከውጭ በሻንጣ አመጣልኝ። ውጭ አገር ከ200 እስከ 300 ዶላር ገደማ ነው። መቆሚያው ሞተር የለው፣ ዘንግ የለው፤ ወደ ጎንና ወደ ላይ የሚዞር የእንጨት መቀመጫ ነው። ዲሽ ያዞረ ሰው በሁለት ደቂቃ ይለምደዋል።

ኢኳቶሪያል የሚባለውን፣ ሚዛን መጠበቂያ ክብደት የተንጠለጠለበትን መቆሚያ ለጀማሪ አልመክርም። ዘንጉ ወደ ሰሜን ኮከብ ማዘንበል አለበት። አውሮፓ ውስጥ ሰሜን ኮከብ ከፍ ብሎ ስለሚታይ ይመቻል። ጅማ ግን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 7 ዲግሪ ተኩል ያህል ብቻ ነው የምትርቀው፤ ኮከቡ ከአድማስ በላይ ያችኑ ያህል ነው ከፍ የሚለው፣ ከጎረቤት ባሕር ዛፍ ኋላ። ዘንጉ ሊጋደም ምንም አይቀረው፣ ክብደቱም ብዙ ጊዜ ከእግሩ ጋር ይጋጫል።

የኔ ሄሪቴጅ አጭር ስለሆነ ጠረጴዛ ይፈልጋል። የፕላስቲክ ጠረጴዛ ሞከርኩ፣ ተወዛወዘ። በመጨረሻ የእናቴን ትልቁን የእንጨት ሙቀጫ ገልብጬ ላዩ ላይ አስቀመጥኩት፤ ንቅንቅ የለም። እናቴ በቡና ሰዓት ሙቀጫዋን ስትፈልግ የምትለኝን እዚህ አልጽፈውም።

ገና በቀን ሳለ ማነጣጠሪያውን፣ ቱቦው ላይ ያለችውን ቀይ ነጥብ የምታሳይ መሣሪያ፣ አስተካክሉ። እኔ ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በኩል ያለ አንድ ዛፍ ይዤ፣ ዛፉ መሐል ሲገባ ቀይዋን ነጥብ እዚያው ላይ አሳርፋታለሁ። ዛፉ ተገልብጦ ቢታይ አትደንግጡ፤ አልተበላሸም፣ ሥራው እንደዚያ ነው። ይህን ስታደርጉ ቱቦውን በፍጹም ወደ ፀሐይ አታዙሩ። በዓይን ላይ የሚመጣው ጉዳት በቅጽበት ነው፣ አይድንም። አይፒስ ላይ የምትጠመድ ጥቁር የፀሐይ ማጣሪያ ከካርቶኑ ከወጣች ጣሏት፤ ግላ ትሰነጠቃለች። ልጆች ካሉ ቱቦውን ከድናችሁ ተነሡ።

ለጎረቤትም አስቀድማችሁ ንገሩ። በጨለማ ግቢ ውስጥ ቱቦ ደግኖ የቆመ ሰው ምን እንደሚመስል አስቡት። እኔ የመጀመሪያውን ማታ ለጥበቃው ጨረቃን ካሳየሁት በኋላ ነው ነገሩ የበረደው።

ለጨረቃ ሙሉ የሆነችበትን ቀን አትምረጡ፤ ጥላ ስለሌላት ጠፍጣፋ ናት። በሂጅራው አቆጣጠር የወሩ ሰባተኛ ስምንተኛ ቀን ሲሆን፣ ግማሿ በርቶ ግማሿ ሲጨልም፣ ድንበሩ ላይ ያሉት ጉድጓዶች ጥላቸው ይረዝማል። ጎረቤታችን ሐጂ ቀኑን ከእኔ በፊት ያውቁታል፣ «ዛሬ አታወጣውም እንዴ ልጄ?» ይሉኛል ከአጥር ማዶ።

ቀጥሎ ጁፒተር። የት እንዳለ ስልካችሁ ላይ ስቴላሪየም የሚባለውን መተግበሪያ ጫኑና ይነግራችኋል። በ25 ሚሊ ሜትር አይፒስ ጀምሩ፤ የሄሪቴጁ ቱቦ 650 ሚሊ ሜትር ነው፣ ለ25 ሲካፈል 26 ጊዜ። አራቱ ጨረቃዎች፣ ጋሊልዮ በ1610 እ.ኤ.አ. ያያቸው፣ በመስመር ተደርድረዋል። በማግስቱ እዩ፣ ቦታ ቀይረዋል። እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። የኔ ሳተላይቶች አንዴ ካገኘኋቸው ለዓመታት ከቦታቸው አይነቃነቁም፤ ጁፒተር ግን በ10 ሚሊ ሜትሯ አይፒስ፣ በ65 ጊዜ፣ ሻይ እስካማስል ከክቡ ወጥታ ትሄዳለች። ቱቦውን ቀስ እያላችሁ ተከተሏት።

በጥር መጨረሻ ማታ 3 ሰዓት ላይ ኦሪዮን የሚባለው የኮከቦች ስብስብ አናታችሁ ላይ ነው። ከቀበቶዋ ሦስት ኮከቦች ዝቅ ብሎ ያለው ጭጋግ ኔቡላ፣ ማለትም የጋዝና የአቧራ ደመና፣ ነው፤ ፎቶ ላይ እንዳለው ቀይ አይሆንም፣ እንደ ትንፋሽ ግራጫ ነው። በሚያዝያ ደመናው ከፈቀደ ማታ 4 ሰዓት ገደማ በደቡብ በኩል የደቡብ መስቀል የሚባለውን የኮከቦች ስብስብ ታገኛላችሁ። የለንደን ሰው ካገሩ ሆኖ አያየውም።

ከመጀመራችሁ በፊት ቴሌስኮፑን ግማሽ ሰዓት ደጅ አቀዝቅዙት፤ እናንተም ያን ያህል ጊዜ ስልክ አትንኩ፣ ዓይን ጨለማውን የሚለምደው በዚያ መጠን ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ በላይ አሻግራችሁ አትመልከቱ፤ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ስለሚተፋ ኮከቡ እንደሚፈላ ውሃ ይርገበገባል።

ክረምት ሲገባ የኛ ከተማ እርጥበት ሌንስ ላይ ሻጋታ ያበቅላል። የረጠበውን ሳታደርቁ አትክደኑ፣ ሲደርቅ ጥብቅ ክዳን ባለው ባልዲ አስቀምጡት። አዲስ ሪሲቨር ካርቶን ውስጥ «አትብሉ» የሚል የተጻፈባት ትንሽ ከረጢት አለች አይደል? እርጥበት መጣጭ ናት፣ አብራችሁ ጨምሯት። እኔ ደንበኛ ቤት ሪሲቨር በከፈትኩ ቁጥር እሷን ኪሴ እከታለሁ፤ እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም።