ለዓመታት የቆመ ሞተር ሳይክል ከማስነሳታችሁ በፊት

አዳማ ግቢ ውስጥ ለዓመታት የቆመ አሮጌ ሆንዳ ሲጂ 125 ያላችሁ፣ እባካችሁ ቤንዚን ሞልታችሁ ወዲያው አትርገጡት። ካንዴላውን ፍቱና በቀዳዳው 5 ሚሊ ሊትር ያህል የሞተር ዘይት ጨምሩ፤ ይደርበት። በማግስቱ መርገጫውን በእጅ ቀስ አድርጋችሁ ግፉት። እንቢ ካለ ዘይት ጨምራችሁ ጠብቁ፤ በጉልበት ከሆነ የፒስተን ቀለበት ሊሰበር ይችላል።

ዋናው ጣጣ ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ክፍል) ላይ ነው። በአዳማ ሙቀት ቤንዚኑ ቶሎ ይተንና ቡናማ ሙጫ ይተዋል። ሙጫው የሚኒሞውን (ጋዝ ሳትሰጡት ሞተሩ እንዲሰራ ቤንዚን የሚያሳልፈውን) ቀጭን ቀዳዳ ይደፍነዋል፤ ሞተሩ ተነስቶ ጋዝ ስትለቁ ወዲያው የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው። መጀመሪያ የጎማ ክፍሎቹን ለብቻ አውጡና ካርቡሬተሩን በካርቡሬተር ማጽጃ ዘፍዝፉት፣ ከዚያ በኮምፕሬሰር ንፉት። ቀጭኑን ቀዳዳ በብረት ሽቦ በፍጹም አትጎርጉሩት፤ ቀዳዳው ከሰፋ ቤንዚን ይበላል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። ቀዳዳውን ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩት፦ ክብ ብርሃን ካላሳየ ገና አልጸዳም።

ሰልባትዮውን (የቤንዚን ታንከሩን) ከዝገት አጽዱ፣ የአየር ማጣሪያውን አቧራ አራግፉ። የካንዴላውን ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር አድርጉ። የድሮውን ዘይት አፍስሳችሁ አዲስ ሳትሞሉ ግን አታስነሱት።