ከድሬ ዳዋ ተነስቶ ቤተሰብ ይዞ ሐረር ለመዋል

ልጆች ይዛችሁ ሐረር ለመዋል ካሰባችሁ መጀመሪያ የምትወስኑት ማታ ጅብ ከሰው እጅ ሲበላ ታያላችሁ ወይስ አታዩም የሚለውን ነው፣ የቀኑ ፕሮግራም በሙሉ የሚወጣው ከሱ ተነስቶ ነው። ጅብ የሚመጣው ከመሸ በኋላ፣ ማታ 1 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ልጆቹን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቀስቅሶ መውጣት ምንም አይጠቅምም፣ ዋናው ነገር ሲመጣ ትከሻችሁ ላይ ተኝተው ታገኟቸዋላችሁ። ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ከድሬ ውጡ በቃ።

ቁርስ ፈጢራ (ስስ የተጠበሰ ቂጣ) በእንቁላል ይሁን፣ ግን አታጥግቧቸው አቦ! መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር አለፍ ቢል ነው ነገር ግን የደንገጎ ተራራ ጠመዝማዛ ትልቁንም ሰው ያጥወለውላል፣ ሎሚና ፌስታል ያዙ። ጃኬትም ያዙ፣ ድሬ ሙቀት ላይ ሆናችሁ ስታስቡት ያስቃል፣ ሐረር ግን ከ1,800 ሜትር በላይ ናት ማታ ላይ ይበርዳል። ትራንስፖርት ሚኒባስ ርካሽ ነው፣ ለማታው ግን መመለሻ ስለማይታመን ቤተሰብ ከሆናችሁ ኮንትራት መኪና ያዙና ማታ እንደምትመለሱ ከጠዋቱ ከሹፌሩ ጋር ተነጋገሩ፣ ወይ ደግሞ እዛው እደሩ።

ጀጎል፣ በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ 48 ሄክታር ገደማ ብቻ ናት፣ ውስጧ ግን ከ360 በላይ ጠባብ መንገድ ስላለ የልጅ ጋሪ ይዞ መግባት ራስን መቅጣት ነው፣ ሕፃን ካለ እዘሉት። ባጅ ያለው አስጎብኚ ያዙ፣ ዋጋውንም ቀድማችሁ ጨርሱ። በሐረር በር ገብታችሁ ፈረስ መገላ የሚባለው አደባባይ ላይ ውረዱና መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ወደ ታች ሂዱ፣ ሲንጀሩ ግራና ቀኝ እየተንጣጣ ጨርቁ ከላይ ተንጠልጥሎ፣ እናቶች እዚህ ጋ ይቀራሉ አትጠብቋቸው። ቀጥሎ ጊድር መገላ የሚባለው ገበያ ነው፣ ስጋ የገዛ ሰው ፌስታሉን ጥብቅ አርጎ ነው የሚሄደው ምክንያቱም ጭልፊቶቹ ከላይ ተወርውረው ይነጥቃሉ፣ ልጆች ከሙዚየም ሁሉ በላይ የሚያወሩት ይሄን ነው።

ሙዚየም አንድ ይበቃል። ለኔ ራምቦ ቤት ይሻላል፣ ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ሐረር የመጣው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1880 ሲሆን ይሄ ቤት ግን ከሱ በኋላ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው ይባላል፣ ቢሆንም ባለቀለም መስታወቶቹና የድሮ ሐረር ፎቶዎቹ ከፎቅ ላይ እይታው ጋር ያረካሉ። ከሱ ይልቅ ጊዜ የምትሰጡት ለባህላዊው የሐረሪ ቤት ነው። ጫማ አውልቃችሁ ስትገቡ ቀይ የተቀባ ከፍና ዝቅ ያለ መደብ ታገኛላችሁ፣ ነደባ ነው የሚሉት፣ ማን የት እንደሚቀመጥ በደረጃ የተለየ ነው፣ ግድግዳው ሞልቶ ሰፌድና ሳህን። ልጆቹ ላዩ ላይ እንዳይዘሉ ያዙዋቸው እንጂ፣ የሰው ቤት ነው።

ከምሳ በኋላ ከተማው በርጫ (ጫት መቃም) ላይ ስለሆነ ብዙ አትጠብቁ፣ እናንተም አረፍ በሉ፣ ትንንሾቹ ይተኙ። ወደ 10 ሰዓት ግድም ተነሱና ግንቡን ዳር ዳሩን ሂዱ፣ የሐረር ገዢ የነበረው አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው ነው። ከስር ያሉትን ቀዳዳዎች ለልጆቹ አሳዩአቸው፣ ጅቦቹ ማታ ገብተው አጥንትና ትርፍራፊ ለቅመው የሚወጡባቸው ናቸው። ይሄን አይተው ማታ ላይ ሲቀርቡ ፍርሃቱ ትንሽ ይቀላል።

ጅብ የሚበላበት ቦታ ከግንቡ በሮች አንዱ ከሆነው ከፈላና በር ውጪ ነው፣ ዋጋ አሁንም ቀድማችሁ ተስማሙ፣ ፎቶና ልጆቹም ያበላሉ ወይ የሚለውን ጨምራችሁ። ስጋው አጭር እንጨት ላይ ይጠመጠማል፣ ጅቡ በጥርሱ ላፍ አርጎ ይሄዳል። መጀመሪያ አባት ይሞክር፣ ልጅ ካየ በኋላ ከፈለገ ብቻ፣ ወላጁ አጠገብ ቁጭ ብሎ እንጂ ቆሞ አይሁን፣ ሕፃን ከጭን አይወርድም፣ መሮጥና መጮህ የለም። አልፈልግም ያለውን ልጅ ለፎቶ ብላችሁ አትጎትቱት፣ መኪና ውስጥ ሆኖም በፊት መብራቱ ጥሩ አርጎ ያያል። ስትጨርሱ እጃቸውን በሳሙና አስታጥቡ፣ ደንገጎን ስትወርዱ ሹፌሩ ቀስ እንዲል ንገሩት፣ ጭጋግ ካለ ደግሞ እዛው ሐረር ማደር ይሻላል።