የውርስ አጣሪ ከሆናችሁ፦ ከየት መጀመር፣ ምንን ማስቀደም

ቤተሰቡ ተሰብስቦ «አንተ ያዘው» ብሎ ወረቀቱን ሁሉ እጃችሁ ላይ ጥሎ ሄዷል እንበል። ወይም ሟች በኑዛዜው ስማችሁን ጠርቶ አጣሪ አድርጓችኋል። እንኳን ደስ አላችሁ አይባልም። ልፋቱ ብዙ ነው፣ ምስጋናው ትንሽ፣ ካጠፋችሁም ተጠያቂነት አለ። ቅደም ተከተሉን ከያዛችሁ ግን የማይቻል ነገር አይደለም።

በአገራችን ይህን የሚገዛው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ከአጣሪ የሚጠብቀው አራት ነገር ነው፦ ወራሾቹ እነማን እንደሆኑ መለየት፣ ንብረቱን ማስተዳደር፣ ዕዳ መክፈል፣ በኑዛዜ ስጦታ የተተወላቸው ሰዎች ካሉ ማስረከብ። ክፍፍል ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚመጣው። እኔ እስከማየው ድረስ ወንድምና እህት የሚቆራረጡት አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ መደረግ ያለበት መጀመሪያ ላይ ሲደረግ ነው።

ኑዛዜ ከሌለ ወራሾቹ ራሳቸው በሕግ አጣሪዎች ናቸው። ካልተስማሙ ፍርድ ቤት አጣሪ ይሾማል። ስለዚህ «ታላቅ ስለሆንኩ እኔ ነኝ» የሚባል ነገር ሕጉ አያውቅም።

መጀመሪያ ወረቀት

የሞት ምስክር ወረቀቱን ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ አውጡ። ባንኩም፣ ፍርድ ቤቱም፣ ይዞታ ክፍሉም የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ኮፒ አብዙ፣ ኦሪጅናሉን ግን ለማንም አትተዉ።

ቀጥሎ ኑዛዜ ፈልጉ። መሳቢያውን፣ ሻንጣውን፣ የድሮ ፋይሉን በደንብ እዩ። ብቻችሁን ሳይሆን ቢያንስ ሌላ አንድ ወራሽ ባለበት፤ አለበለዚያ ነገ «ሌላም ወረቀት ነበር» መባሉ አይቀርም። ሰነዶች ማረጋገጫና ፍርድ ቤት ሬጅስትራር ዘንድ ተቀምጦ እንደሆነም ጠይቁ። ኑዛዜ ከተገኘ ቅርጹን ተመልከቱ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ የሚፈረም ነው፤ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ሟች ራሱ በእጅ ጽሑፉ የጻፈው ከሆነ ግን ምስክር አያስፈልገውም።

ከዚያ የወራሽነት ማረጋገጫ ማውጣት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን የሚሰጠው የከተማው ፍርድ ቤት ነው። ከሟች ጋር ያላችሁን ዝምድና የሚያሳዩ እንደ ልደት ምስክር ወረቀት ያሉ ማስረጃዎችን ያዙ፤ ሟችን በደንብ የሚያውቁ ምስክሮችም አዘጋጁ። ችሎቱ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በጋዜጣ ጥሪ እንዲወጣ ሊያዝ ይችላል። ማመልከቻው ላይ አንድም ወራሽ እንዳትዘሉ። ውጭ አገር ያለው ወንድም፣ ከሌላ እናት የተወለደችው ልጅ፣ ቀድሞ የሞተው ልጅ ልጆች፣ ሁሉም ይጻፉ። ልጆች ወንድ ሴት ሳይባል እኩል ይወርሳሉ፤ ቀድሞ የሞተውን ልጆቹ ይተኩታል። የተዘለለ ወራሽ መብቱን ካወቀ በኋላ ሦስት ዓመት ድረስ ሊከስ ይችላል፤ የመጨረሻው ገደብ ደግሞ በመርህ ደረጃ ሟች ካረፈ 15 ዓመት ነው። ስለዚህ ዝም ብሎ ማለፍ አያዋጣም።

መዝገቡ

አንድ ደብተር ግዙ። በአንድ በኩል ያለው ንብረት፣ በሌላ በኩል ያለበት ዕዳ። ቤት፣ መኪና፣ የባንክ ሂሳብ፣ አክሲዮን፣ ለሰው ያበደረው ገንዘብ፣ ያልተሰበሰበ ኪራይ። እያንዳንዱ አጠገብ ማስረጃው የት እንዳለ ጻፉ። ተከራይ ከከፈላችሁ ያው ቀን መዝግቡ፣ በራሳችሁ የባንክ ሂሳብም አታስገቡት። የእናንተና የውርሱ ገንዘብ አንዴ ከተቀላቀለ ማንም አያምናችሁም፣ እውነታችሁን ቢሆንም እንኳ።

ዝርዝሩ ውስጥ የማይገባ ነገርም አለ። ለቤተሰቡ በሟች ሞት ምክንያት የሚሰጥ ጡረታና ካሣ የውርስ ሀብት አይደለም። ተጠቃሚው በስም የተጠቀሰበት የሕይወት ኢንሹራንስም እንደዚያው፤ በቀጥታ ለሰውየው ነው የሚከፈለው።

አሁን ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር፦ ባል ወይም ሚስት። በሕጋችን የትዳር ጓደኛ፣ ኑዛዜ ካልተደረገለት በቀር፣ ወራሽ አይደለም። ይህ ማለት ግን ባዶ እጁን ይወጣል ማለት አይደለም። በትዳር የተፈራው ሀብት የጋራ ነው፣ ስለዚህ ከሁሉ በፊት የራሱ ግማሽ ይወጣል፤ የግል ንብረቱም የግሉ ነው። ውርስ የሚባለው የቀረው ነው። ይሄን ሳያደርጉ ቤቱን «ለአምስታችን» ብለው እናታቸውን እንደ አንድ ልጅ የሚቆጥሩ አሉ። ስህተት ነው፣ እሷንም ይጎዳል።

ዕዳ

የሟች ዕዳ የሚከፈለው ከውርሱ ነው። ሕጉ ተራም አበጅቶለታል፦ የቀብር ወጪ፣ ከዚያ የማስተዳደርና የማጣራት ወጪ፣ ከዚያ የሟች ዕዳ፣ ከዚያ ቀለብ (ለተቸገሩ የሟች የቅርብ ቤተሰቦች የሚሰጥ መተዳደሪያ)፣ መጨረሻ ላይ የኑዛዜ ስጦታ። የቀብር ወጪ ሲባል ለሟች ኑሮና ደረጃ የሚመጥነው ነው። ተዝካር አይገባበትም! ድንኳኑና ድግሱ ያስወጣውን ሁሉ «ከውርሱ ይቀነስ» የሚል ዘመድ ከመጣ ወራሾቹ ፈቅደው ካልተስማሙ በቀር አይቀነስም በሉት።

አበዳሪ ነኝ የሚል ሰው ሲመጣ ማስረጃ ጠይቁ። በቃል ብቻ ለመጣ አትክፈሉ፣ የቱንም ያህል የሟች ወዳጅ ቢሆን። የከፈላችሁትን ሁሉ ደግሞ በደረሰኝ።

ማከፋፈል

ዕዳው አልቆ፣ ስጦታው ተሰጥቶ የቀረው ለወራሾቹ ነው። ብትችሉ በስምምነት ጨርሱ፤ በጽሑፍ ይሁን፣ ሁሉም ይፈርሙ። ውጭ ያለ ወራሽ በውክልና ይፈርማል። 18 ዓመት ያልሞላው ካለ ሞግዚቱ ይፈርምለታል፤ ሞግዚቱ ራሱ ተካፋይ ከሆነ ግን የጥቅም ግጭት ስላለ ነገሩን ለፍርድ ቤት አቅርቡት። ቤት ለአምስት አይቆረጥም። ወይ አንዱ ለሌሎቹ ድርሻቸውን ከፍሎ ያስቀረዋል፣ ወይ ተሸጦ ገንዘቡ ይከፈላል።

ከዚያ ስም ዝውውሩ ነው፤ ቤቱ በይዞታ ክፍል፣ መኪናው በመንገድ ትራንስፖርት፣ ሂሳቡ በባንክ። መጨረሻ ላይ የገባውንና የወጣውን የሚያሳይ ሂሳብ ለወራሾቹ አስረክቡና ተቀብለናል የሚል ፊርማቸውን ውሰዱ። ደብተሩንና ደረሰኞቹን እናንተው ዘንድ አስቀምጡ።