ከቫይረስ ሕመም በኋላ ወደ ዋርድ ሲመለሱ የሚሠሩ ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ ጉንፋን በየዋርዱ ሲዞር ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሽፍት የምትረከብ ሲስተር «ትኩሳቴ ወርዷል» ትላለች። ቴርሞሜትሩም 36.8 ያሳያል። ነገር ግን ንጋት 12 ሰዓት ላይ፣ ከታቦር ሰፈር ባጃጅ ከመያዟ በፊት፣ ሁለት ፓራሲታሞል ውጣለች። ቀን 6 ሰዓት ላይ የመድኃኒቱ ኃይል ሲያልቅ 38.2 ይሆናል። እስከዚያ ስንት ጨቅላ አቅፋለች? ስንት ካኑላ (የደም ሥር ቱቦ) አስገብታለች?

ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ባለሙያ ወደ ሥራ የሚመለሰው ያለ ምንም የትኩሳት ማብረጃ መድኃኒት ቢያንስ 24 ሰዓት ሙሉ ትኩሳት ሳይኖረው ሲቆይ ነው። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም ትኩሳት ይደብቃሉ። ብዙዎቹ የጉንፋን ድብልቅ መድኃኒቶች ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለ፤ ካርቶኑን አንብቡ። ትኩሳት አመሻሽ ላይ ስለሚጨምር የጠዋት ልኬት ብቻውን አያስተማምንም፤ ማታም ለኩ። ከተመለሳችሁ በኋላም ሳሉ እስኪለቃችሁ ማስክ አታውልቁ።

«ማን ይሸፍንልኛል?» የሚለው ጭንቀት እውነተኛ ነው፣ ሰው የለም። ግን ታማ የገባች አንዲት ነርስ ሦስት ባልደረቦቿን ካስያዘች፣ በሚቀጥለው ሳምንት የሌሊት ዱቲ የሚይዝ ይጠፋል።

በኮቪድ ላይ የሚሳሳቱት ቀን ሲቆጥሩ ነው። ዜሮ የሚባለው ምልክቱ የጀመረበት ቀን ነው፤ ሰኞ ጉሮሮ ከከረከረ ማክሰኞ 1 ነው። ውጤቱ ረቡዕ ቢመጣም ቆጠራው ከረቡዕ አይጀምርም። በአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) መመሪያ ሕመሙ ያልጠናበት ባለሙያ ከ7 ቀን በኋላ የሚመለሰው በመጨረሻዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ተመርምሮ ኔጌቲቭ ከሆነ ነው፤ ካልተመረመረ 10 ቀን ይቆያል። የ24 ሰዓቱ የትኩሳት ሕግ እዚህም ይሠራል፤ ሌላውም ምልክት መሻል አለበት። ፒሲአር (የቫይረሱን ዘረመል የሚፈልገው ምርመራ) ኔጌቲቭ እስኪሆን ቤት መክረምም ስህተት ነው፤ የሞተ ቫይረስ ቅሪት ለሳምንታት ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል።

ተቅማጥና ትውከት ከቆመ በኋላ 48 ሰዓት ጠብቁ። አልኮል ሳኒታይዘር ተቅማጥና ትውከት የሚያመጣውን ኖሮቫይረስ በደንብ ስለማይገድል በሳሙናና በውኃ ታጠቡ። ትውከት ለነካው ወለል 1 እጅ ባለ 5 በመቶ በረኪና በ9 እጅ ውኃ በጥብጡ፤ የትናንቱን አትጠቀሙ፣ ኃይሉን ያጣል።

ኩፍኝ ሽፍታው ከወጣ 4 ቀን፣ ጆሮ ደግፍ እብጠቱ ከጀመረ 5 ቀን ቤት ያስቀምጣል። ጉድፍ (ቺክንፖክስ) ግን በቀን አይለካም። የአንዲት ነርስ ፊትና ክንድ ላይ ያለው ሁሉ ደርቆ ከጸጉሯ ሥር ውኃ የቋጠረች አንዲት ነጥብ ከቀረች፣ ነርሷ ለመመለስ ገና ናት፤ ሁሉም ቅርፊት መያዝ አለበት። አልማዝ ባለጭራ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ሸፍኖ መሥራት ይቻላል፤ እስኪደርቅ ግን ጨቅላ ክፍልና ማዋለጃ አትግቡ።